የቮልስ ሞተር በምን ላይ ይቀመጥ?

የአሮጌዋ ቮልስዋገን ሞተር ከመኪናዋ ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ነው። ከካምቢዮው ጀርባ ተለጥፎ ወደ ኋላ ይንጠለጠላል እንጂ ከሥሩ የሚደግፈው ሌላ ነገር የለም። የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የለውም፤ የሚፈታ የውሃ ጎማም የለም። የነዳጁን ጎማ፣ የቤንዚን መስጫውን ገመድ፣ ጥቂት ሽቦዎችንና የማሞቂያውን ቱቦዎች አላቅቆ አራቱን ቡሎን የፈታ ሰው ወደ 110 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ይዞ ይቀራል። እዚህ ድረስ ያለው ሥራ ብዙም አያስቸግርም። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሩ በምን ላይ ይቀመጣል? ሲፈታ፣ ሲታጠብ፣ ግማሹ ቶርኖ ቤት ደርሶ ሲመለስ፣ እንደገና ሲገጣጠም፣ ለሳምንታት ምናልባትም ለወራት ምን ይሸከመዋል?

ጉዳዩ የጥቂት አፍቃሪዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ዓይነት ቮልስ የመጨረሻዋ መኪና ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከተማ ካለው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። ከእነዚያ ብዙዎቹ ዛሬም ይሽከረከራሉ፤ አዲስ አበባም ከሚታዩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በአገራችን አሮጌ መኪና ይዞ የመቆየት ምክንያቱ ትዝታ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ እጅ ላይ ያለውን ሞተር አድሶ መቀጠል ለብዙ ባለመኪና አማራጭ ሳይሆን ግዴታ እየሆነ ነው። የሞተር ማቆሚያ ተብሎ ተሠርቶ የሚሸጠው መሣሪያ ግን በየቤቱ አይገኝም፤ ቢገኝም ለአንድ ጊዜ ሥራ ብሎ የሚገዛው ጥቂት ሰው ነው። የሚቀረው በግቢ ውስጥ ባለው ሞራሌ፣ ጣውላ፣ አሮጌ ጎማና ቁርጥራጭ ብረት መላ መፍጠር ነው።

ይህ መላ በደንብ ከታሰበበት ከተገዛው መሣሪያ አያንስም፤ በአንዳንዱ የሥራ ደረጃም ይበልጣል። ይህን ስል ግን ሁሉም መላ ደህና ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰው የሚገድል መላም አለ። ሁለቱን የሚለያቸው የዕቃው ዋጋ ወይም ጥራት አይደለም። ክብደቱ ከሞተሩ ተነስቶ መሬት እስኪደርስ በየትኛው በኩል እንደሚያልፍ ሠሪው አውቆታል ወይስ አላወቀውም? የመጀመሪያው መለያ ይህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ድጋፉ ቢከዳ ከሥሩ ምን አለ የሚለው ነው። ከጉልበት በታች የተቀመጠ ሞተር ቢወድቅ ገንዘብ ያከስራል። ከሰው በላይ የተንጠለጠለ መኪና ቢወድቅ የሚያስከትለው ሌላ ነገር ነው። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን ሥራውን ከመጀመሪያው እንከተለው።

ሞተሩ የሚወጣው ወደ ታች ነው። የመኪናዋ ኋላ ከፍ ይላል፣ ክሪክ ከሞተሩ ሥር ይገባል፣ ቡሎኖቹ ይፈታሉ፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ተስቦ ከካምቢዮው ይለቅና ቀስ እያለ ይወርዳል። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ድጋፎች መኖራቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ አንዱ መኪናዋን የሚይዘው ነው፣ ሌላው ሞተሩን። ለሞተሩ ክሪክና ሰፊ ጣውላ ይበቃሉ። መኪናዋን በሚይዘው ላይ ግን መላ የሚባል ነገር ባይገባ ይመረጣል፤ ምክንያቱም የታችኞቹን ሁለት ዳዶዎች የሚፈታው ሰው ከሥሯ ተኝቶ ነው። በየግቢው የሚታየው የተለመደ ስህተት ብሎኬት መደርደር ነው። ብሎኬት ለግድግዳ የተሠራ ነው፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀዳዳው ወደ ላይ ሆኖ፣ ከላይና ከታች ሲሚንቶ ተለስኖ፣ ጭነቱ በመላ ፊቱ ላይ እኩል ሲያርፍ ነው። የመኪና ብረት ወይም የክሪክ ራስ ግን የሚያርፈው በእጅ መዳፍ በሚያክል ቦታ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሥሩ ቀዳዳ እንጂ ግድግዳ የለውም። የእኛ አገር ብሎኬት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ክብደቱ እንዲቀንስ ከቀላል የገሞራ ጠጠር ይሠራል። ብሎኬት ሲሰበር አስቀድሞ አይናገርም፤ አንድ ጊዜ ፈርሶ ይወርዳል። እንጨት ግን ሲጨነቅ ይጮኻል፣ ይጎብጣል፣ ይሰረጉዳል። በአደጋ ጊዜ የሚደርሱ የነፍስ አድን ሠራተኞች የተገለበጠ መኪናን ወይም የተደረመሰ ሕንፃን በተነባበረ እንጨት የሚደግፉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የእንጨቱን ነገር በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ቁራጭ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ፊት አለው። የቮልሱ ሞተር በሙሉ በዚህ ላይ ቢያርፍ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ክብደት ከአንድ ኪሎ ግራም ጥቂት ቢበልጥ ነው። ተራ እንጨት በጎኑ ተኝቶ እንኳ ለመጨፍለቅ ከዚህ በአሥር እጥፍ የሚቆጠር ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ እንጨቱ ራሱ ይከዳል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። የሚያሰጋው መንሸራተቱና መገልበጡ ነው። አንዱን በአንዱ ላይ በአንድ አቅጣጫ ከመቆለል ይልቅ ሁለት ሁለቱን በመስቀለኛ እያነባበሩ ሰፊ መሠረት መሥራት፣ ቁመቱም ከመሠረቱ ስፋት ብዙም እንዳይበልጥ ማድረግ ይገባል። መሬቱስ? ብዙው የከተማ ግቢ አፈር ወይም ኮብልስቶን ነው። አፈር ላይ የቆመ ክሪክ እግሩ ጠባብ ስለሆነ በቀስታ ይሰምጣል፤ እየሰመጠም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ወፍራምና ሰፊ ጣውላ ከሥሩ ማንጠፍ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ከሁሉ የቀለለው መፍትሔ ነው። የፊት ጎማዎቹን በሁለት ወገን ማገድም እንዲሁ፤ ኋላው ተነስቶ የእጅ ፍሬኑ ምንም የማይዝባት መኪና የቆመችው በሁለቱ የፊት ጎማዎች ላይ ብቻ ነው።

ክሪኩ የሞተሩን ሆድ የሚነካበት ቦታ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቮልስ እንደ ሌሎች መኪኖች ከላሜራ የተሠራ የዘይት ኮፓ የላትም፤ የሞተሩ ቤት ታች ራሱ ዘይቱን ይይዛል። በመሃሉ በስድስት ትንንሽ ዳዶ የታሰረ ክብ ክዳን አለ፤ ከክዳኑ ጀርባም የዘይት ማጣሪያው ወንፊት አለ። የክሪኩ ራስ በቀጥታ በዚያ ላይ ካረፈ ክዳኑ ይጎብጣል፤ ዘይት ማንጠባጠብ የሚጀምረውም ሁሉም ሥራ አልቆ ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ነው። መፍትሔው ከክሪኩና ከሞተሩ መካከል የሚገባ፣ መሃሉ ለክዳኑ ተፈልፍሎ ጠርዞቹ የሞተሩን ቤት የሚይዙ ጣውላ ነው። የግማሽ ሰዓት ሥራ ቢሆን ነው።

ከላይ ያሉት ሁለት ቡሎኖች መጀመሪያ ይፈታሉ፤ ከዚያ ክሪኩ ከፍ ብሎ የሞተሩን ክብደት ከተቀበለ በኋላ ብቻ የታችኞቹ ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ የወግ ጉዳይ አይደለም። ከካምቢዮው የሚወጣ ረጅም ዘንግ በፍሪሲዮኑ መሃል አልፎ ጫፉ ቮላኖውን በያዘው ትልቅ ዳዶ ውስጥ ባለች ትንሽ ተሽከርካሪ ቀለበት ላይ ያርፋል። ዘንጉ የተሠራው ለመዞር እንጂ ለመሸከም አይደለም። አራቱ ቡሎን ተፈትተው ክሪኩ ዝቅ ወይም ዘንበል ያለ ከሆነ 110 ኪሎው በሙሉ በዚህ ዘንግ ላይ ይንጠለጠላል፤ የፍሪሲዮኑ ዲስክ መሃል የሚጣመመውም ያኔ ነው። ከዕድሳት በኋላ «ፍሪሲዮኑ አልለቅ አለ» የሚለው ስሞታ አንዱ ምንጭ በማውጣት ወይም በመመለስ ሰዓት የተፈጸመ ይህን መሰል ስህተት ነው። ስለዚህ በክሪክ ላይ ያለው ድጋፍ ክብደቱን መቻሉ አይበቃም፤ ሞተሩን ካምቢዮው በሚያይበት ማዕዘን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ መጓዝ መቻል አለበት። ጎማ ያለው ክሪክ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ጣውላው ከሥሩ በሁለት ክብ የውሃ ቧንቧ ቁራጮች ላይ ሊንሸራተት ይችላል።

በሌሎች መኪኖች፣ ሞተሩ ከላይ በሚወጣባቸው፣ ሰዎች የሚያስቡት ማንጠልጠልን ነው። የጋራዥ ጣሪያ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ዓይን ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው። የቤት ጣሪያ እንጨት የተሠራው ቆርቆሮውንና ንፋሱን ለመቻል ነው፤ ክብደትን በአንድ ነጥብ እንዲሸከም ማንም አላሰበበትም። ቅርንጫፍም ውስጡ መበስበሱን ከውጭ አያሳይም። ገመድ ወይም ሰንሰለት አስተሳሰር ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሒሳብ አለ። ሞተሩን ከሁለት ጫፉ ይዞ ወደ አንድ መንጠቆ የሚወጣ ሰንሰለት ቀጥ ብሎ ሲወጣ እያንዳንዱ ክንድ ግማሹን ክብደት ይሸከማል። ሁለቱ ክንዶች እየተከፈቱ ሄደው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ክንድ ሙሉውን ክብደት ይይዛል። አጭር ሰንሰለት ለጥጦ ማሰር ጭነቱን በእጥፍ መጨመር ነው። ማንጠልጠል ግድ ከሆነ ለሰዓት ያህል ፓራንኮ ያለው ጋራዥ ሄዶ ማስነሳት ይሻላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ስለ መላ የምከራከርለት ነገር የለኝም።

አንዴ ሞተሩ ወጥቶ መሬት ላይ ከደረሰ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከሥሩ ማንም የለም፤ ቁመቱም ትንሽ ነው። የእንጨቱ ጥበብ የሚጀምረው እዚህ ነው። በገበያ የሚሸጠው የሞተር ማቆሚያ ሞተሩን የሚይዘው ከካምቢዮ በኩል ባለው ፊቱ ነው፤ ከዚያ ሞተሩ በአየር ላይ ወደ ፊት ይንጠለጠላል። የቮልስ ሞተር ክብደት መሃል ከመያዣው 30 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ መያዣውን የሚያጣምመው ኃይል ከ320 ኒውተን ሜትር በላይ ይሆናል፤ ይህን ጥሩ ማቆሚያ በቀላሉ ይችለዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ሞተሩ በዚያ ፊቱ ከተያዘ ያ ፊት ተሸፈነ ማለት ነው፤ የቮልስ ሞተር ዕድሳት በጣም ጥንቃቄ የሚፈልገው ሥራ ደግሞ ያለው እዚያው ነው፤ የቮላኖው መገጠሚያ፣ የኋላው የዘይት ማገጃ ቀለበት፣ የክራንክ ሻፍቱ የፊትና ኋላ ጨዋታ ልኬት ሁሉም በዚያ በኩል ነው። ይህ ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲሆን ይጠበቃል፤ የሰው ፀጉር ውፍረትን የሚያክል ነው። ለሁሉም ሞተር ተብሎ የተሠራው ማቆሚያ ለዚህኛው አይመችም። ለቮልስ ተብሎ የተሠራው ሌላው ማቆሚያ ከሞተሩ ቤት አንዱን ግማሽ ብቻ ስለሚይዝ ይህን ችግር ይፈታል፤ እሱን ያገኘ ይጠቀምበት። ያላገኘ ግን ይህን ማቆሚያ የሠሩት ሰዎች የጠየቁትን ጥያቄ ራሱ መጠየቅ አለበት፤ በዚህ ደረጃ ሞተሩ ምን ይፈልጋል?

መልሱን ለማግኘት የቮልሱን ሞተር ውስጥ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ቤቱ ከላይ እስከ ታች መሃል ለመሃል ለሁለት የሚከፈል ነው፤ ግራና ቀኝ። ሲገጣጠም የግራው ግማሽ ውስጡ ወደ ላይ ሆኖ ይተኛል። ክራንክ ሻፍቱ ከአራቱ ቢዬላዎች ጋር ተነስቶ በላዩ ይወርዳል፤ የ3ኛውና የ4ኛው ሲሊንደር ቢዬላዎች በግራው ግማሽ ቀዳዳዎች አልፈው ወደ ታች ይንጠለጠላሉ፣ የ1ኛውና የ2ኛው ወደ ላይ ይቆማሉ። እዚህ ላይ ጠረጴዛ ላይ ማስተኛት እንደማይሠራ ወዲያው ይታያል። ከሥሩ የሚወጡት ረጃጅም የቴስታታ ቡሎኖች ጠረጴዛውን ይመቱታል፤ ቢዬላዎቹም መውረጃ የላቸውም። ከቡሎኖቹ ቁመት ከፍ የሚል፣ ላዩ ክፍት የሆነ፣ አራት ግድግዳ ያለው ጠንካራ የጣውላ ሳጥን ግን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። የሞተሩ ቤት በዳርቻው በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ያርፋል፣ ቡሎኖቹና ቢዬላዎቹ በሳጥኑ ባዶ ሆድ ውስጥ ይንጠለጠላሉ። የሳጥኑ ጠርዝ በውሃ ልክ ከተስተካከለ፣ ቁራጭ ምንጣፍ ከተነጠፈበትና ሳጥኑ ካልተወዛወዘ ሥራው በግማሽ አልቋል።

ይህ ሳጥን ከብረቱ ማቆሚያ የሚበልጥበት ነገር አለ ብዬ የምከራከረው በሚቀጥለው እርምጃ ምክንያት ነው። ክራንክ ሻፍቱን የሚሸከሙት ብሮንዚኖች እያንዳንዳቸው ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ ቀዳዳው በሞተሩ ቤት ውስጥ ከተተከለች አጭር ችካል ላይ በትክክል መቀመጥ አለበት። ብሮንዚኑ ችካሏን ስቶ በላይዋ ከተቀመጠ ዓይን በቀላሉ አያየውም። የሚታወቀው በጣት ነው፤ ክራንክ ሻፍቱ ሲወርድ ብሮንዚኑን በጣት ጫፍ ጥቂት ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩት በሆነ ቦታ ላይ ገብቶ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ አልዞርም ይላል። ይህን ጣት እንዲያዳምጥ ግማሹ ቤት አግድም የተኛና ጸጥ ያለ መሆን አለበት። ያልገባ ብሮንዚን ላይ ሁለቱን ግማሾች አጋጥሞ ማጥበቅ ብሮንዚኑንም ቤቱንም ያበላሻል። የቀኙ ግማሽ ከላይ ሲመጣ ደግሞ ውስጡ ያሉት የቫልቭ መግፊያዎች እንዳይወድቁ በወፍራም ግሪስ ወይም በሽቦ መያዣ ይያዛሉ፤ ምክንያቱም ግማሹ ቤት ተገልብጦ ነው የሚወርደው። በሁለቱ ፊቶች መካከል ጓርኒሲዮን የለም፤ ስስ ማስቲሽ ብቻ ነው። ከዚያ ስድስቱ ትልልቅ ዳዶዎች ተራ በተራ ወደ 34 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ፤ በየመሃሉ ክራንክ ሻፍቱ በእጅ ይዞራል። ሻፍቱ መዞር ከከበደው አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው፤ ሥራው ይቆማል። ሳጥኑ ለዚህ ሁሉ ቦታ ይሰጣል፤ ቢዬላዎቹ ያለ እንቅፋት ይዞራሉ።

በሳጥኑ የማይሠራ ነገርም አለ። ቮላኖውን የሚይዘው አንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ነው፤ መፍቻው 36 ሚሊ ሜትር ነው። የሚጠበቀው ወደ 345 ኒውተን ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ብረት ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ማሳረፍ ማለት ነው። በሳጥን ላይ ያረፈ ሞተር በዚህ ኃይል ይገለበጣል። መላው የሚገኘው ከአንግል ብረት ነው። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ወፍራም አንግል ብረት ላይ ሁለት ቀዳዳ ተበስቶ ፍሪሲዮኑ በሚታሰርባቸው የቮላኖው ቀዳዳዎች በሁለት ቡሎን ይታሰራል፤ ሌላኛው ጫፉ መሬት ላይ ይደገፋል። መፍቻው ሲጫን ቮላኖው እንዳይዞር የሚያግደው ብረቱ ነው፤ አብዛኛውን ማጠማዘዝ የሚቀበለው ደግሞ መሬቱ ነው እንጂ ሞተሩ የተቀመጠበት ድጋፍ አይደለም። ድጋፉ የሚያስፈልገው ሞተሩ ወደ ጎን እንዳይሄድ ማገጃ ብቻ ነው። የተገዛው ማቆሚያ ያለውም ሰው ቢሆን ይህን ብረት መሥራቱ አይቀርም።

የእንጨት ወዳጆች ላይ የሚሰነዘር ጠንካራ ተቃውሞ አለ። እንጨት ዘይት ይጠጣል፣ ቆሻሻ ይይዛል፣ ስንጣሪው ሞተሩ ውስጥ ይገባል ይባላል። እውነት ነው። አዲስ ብሮንዚን ላይ የገባ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ክራንክ ሻፍቱን ለመቧጨር ትበቃለች። ስለዚህ ለመፍቻ ያገለገለው ሳጥን ለመገጣጠሚያ አይሆንም፤ ወይ ሌላ መሥራት ወይ አጥቦ አድርቆ ቀለም መቀባትና ላዩን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል። በተመሳሳይ ምክንያት አሮጌ ጎማ ላይ ሞተር ማስቀመጥ ለማቆያ ጥሩ ቢሆንም ለመገጣጠሚያ አልመክረውም። ጎማ ሞተሩን አቅፎ ስለሚይዝ አይንከባለልም፣ የአሉሚኒየሙንም ክፍል አይቧጭርም፤ ግን ውስጡ አቧራና ጠጠር አይጠፋም፣ ሞተሩንም በውሃ ልክ አይዝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ብየዳ ከሚወዱ ሰዎች ነው፤ እንጨቱን ትተን ከቁርጥራጭ ብረት ለምን አንበይድም ይላሉ። ይቻላል፤ በጥሩ እጅም ግሩም ነገር ይወጣል። ሞተሩ ግን ከዚያ አካባቢ መራቅ አለበት። የአብዛኛው የቮልስ ሞተር ቤት የተሠራው ከማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ ቀላል እንዲሆን። ትልቁ ቁራጭ በቀላሉ አይነድም፤ ፍቅፋቂውና ብናኙ ግን በእሳት ብልጭታ ይቀጣጠላል። አንዴ ከነደደ ብርሃኑ ዓይን ያሳውራል፤ ውሃ ሲደፉበት ደግሞ ሃይድሮጅን እየፈጠረ ይብሳል። የሚያጠፋው ደረቅ አሸዋ ነው። የድሮው ካምቢዮ ቤትም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ዘር ነው፤ ይህን የምለው አንዳንድ ሰዎች ከተጣለ ካምቢዮ የፊቱን ክፍል በመፍጫ ቆርጠው ለሞተር መሞከሪያ ማቆሚያ ስለሚያደርጉት ነው። ሐሳቡ ራሱ በጣም ጥሩ ነው። ሞተሩ በተፈጥሮው በሚታሰርበት አራት ቡሎን ይታሰራል፣ ሞተሪኖውም ቦታው ላይ ይገባል፤ ስለዚህ የታደሰው ሞተር መኪናዋ ውስጥ ሳይመለስ ሊነሳ ይችላል። ግን ካምቢዮውን ሳይቆርጡ ሙሉውን ከከባድ እንጨት መድረክ ጋር ማሰር ይሻላል። ሞተሩ ያለ ፋኑና ያለ ማቀዝቀዣ ላሜራዎቹ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ መሥራት እንደሌለበት፣ ነዳጁም ክፍት ጠርሙስ ውስጥ መሆን እንደሌለበት መጨመር አለብኝ።

ይህ ሁሉ ለቮልስ የሚሠራው የቮልስ ሞተር እንዲህ ስለሆነ ነው። ቮልስ ላይ የተማረውን ፔጆ 404 ላይ እንዳለ የሚያዛውር ሰው ይሳሳታል። የ404 ሞተር መኪናው ውስጥ የተቀመጠው 45 ዲግሪ አዘንብሎ ነው፤ መሬት ላይ ሲወርድ በሆዱ ቀጥ ብሎ አይቆምም። አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር ያላቸው የብረት ሞተሮች ብዙዎቹ ከሥራቸው ከስስ ላሜራ የተሠራ የዘይት ኮፓ አላቸው። በዚያ ላይ ማስቀመጥ ኮፓውን ወደ ውስጥ ያሰረጉደዋል፤ የዘይት መምጠጫው አፍ ከኮፓው ወለል በጣም ቅርብ ስለሆነ ትንሽ ስርጉድ እንኳ መንገዱን ይዘጋዋል። ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሳ የዘይት ግፊት አይመጣም፤ ባለመኪናው ፓምፑን ይጠረጥራል። ለእነዚህ ትክክለኛው የእንጨት ድጋፍ ኮፓው አየር ላይ ሆኖ የብረቱ ሞኖብሎክ ጎንና ጎኑ፣ ወይም የሞተሩ ማሰሪያ እግሮች የሚያርፉበት ሁለት ትይዩ ሞራሌ ነው። የሚዛወረው ቅርጹ ሳይሆን ጥያቄው ነው፤ ይህ ሞተር መሸከም የሚችለው በየትኛው አካሉ ነው?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከበረው ነው። አዋቂ መካኒክ እያለ ለምን ባለመኪናው ራሱ ይቸገራል? የመካኒኩ እጅ ዋጋ እንዳለው አልክድም። ቶርኖ ቤት የሚሠራውን፣ የክራንክ ሻፍት ማስተካከልንና የሞተር ቤት ቀዳዳ ልኬትን፣ ማንም በቤቱ አይሠራውም። ነገር ግን መፍታት፣ ማጠብ፣ መለካት፣ መገጣጠም ትዕግሥት ላለው ሰው የተዘጋ በር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው ጆን ሚዩር ስለ ቮልስ ጥገና ያሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አሳይቷል። ሚዩር መሐንዲስ ነበር፤ የጻፈው ግን መፍቻ ይዞ ለማያውቅ ሰው ነው፤ ፒተር አሽዋንደን የሣላቸው ሥዕሎችም እያንዳንዱን እርምጃ በዓይን ያሳያሉ። መጽሐፉ የፋብሪካ መሣሪያ የሌለው ሰው ባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ስላስተማረ በብዙ አገር ተነቧል። ከዚህም ሌላ ጋራዡ ራሱ የሚሠራው ከዚሁ በተለየ መንገድ አይደለም። በብዙ ጋራዦቻችን ሞተር የሚያርፈው በጎማና በእንጨት ላይ ነው። ልዩነቱ ልምድ ያለው መካኒክ ክብደቱ የት እንደሚያርፍ ሳይናገር ማወቁ ነው፤ አዲሱ ሰው ግን ቆም ብሎ ማሰብ አለበት።

ሞተሩ ሲመለስ የማውጣቱ ሥራ ይገለበጣል፤ አንድ ነገር ግን ከማውጣቱ ይከብዳል። ሲወጣ ዘንጉ ከፍሪሲዮኑ በራሱ ይለቃል፤ ሲመለስ ግን የፍሪሲዮኑ ዲስክ ጥርሶች ከዘንጉ ጥርሶች ጋር መገናኘት አለባቸው። ዲስኩ መሃሉ ላይ መሆኑ አስቀድሞ ከአሮጌ ካምቢዮ በወጣ ዘንግ ወይም በልኩ በተሞረደ እንጨት ይረጋገጣል። ከዚያ ክሪኩ ላይ ያለው ሞተር ከካምቢዮው ጋር በአንድ ማዕዘን እስኪሆን በጣውላው ሥር ስስ ቁራጮች ይገባሉ ወይም ይወጣሉ፤ ዙሪያው ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም እኩል ሲሆን ሞተሩ በእጅ ግፊት ይገባል። ካልገባ ቡሎኖቹን አጥብቆ መሳብ አይፈቀድም፤ የሞተሩ ቤት ጆሮ የሚሰነጠቀው በዚህ ሰዓት ነው። ሁለቱ ፊቶች ሙሉ በሙሉ ከተነካኩ በኋላ አራቱም ቡሎኖች በእጅ ይያዛሉ፣ ከዚያ በመስቀለኛ ወደ 30 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ፤ ክሪኩ ከሥሩ የሚወጣው አራተኛው ከጠበቀ በኋላ ነው።